የተሰበረው የተራቀቀው ክፍል አልነበረም፦ ስለ ጀርመን ታንኮች ሞተርና ካምቢዮ የተሰጠ ምላሽ

የጀርመን ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሸነፈው መሐንዲሶቹ ከልክ በላይ ስለተራቀቁ ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤ ነበር። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጀርመኖች ለታንኮቻቸው ማንም መንገድ ላይ የማይጠግነው ሞተርና ካምቢዮ ገጠሙ፤ ሩሲያውያን ግን ቀላሉን መርጠው አሸነፉ። ለዚህም ታይገር የተባለውን የጀርመን ከባድ ታንክ ካምቢዮ፣ የሌላውን የጀርመን ታንክ የፓንተርን መሰባበር፣ የሞተር ሠሪውን የማይባህን የቤንዚን ሞተር፣ በ1943 ሩሲያ ውስጥ የተደረገውን የኩርስክን ውጊያና የሶቪየቱን ታንክ የቲ-34ን ጥንካሬ በማስረጃነት ይጠራሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመሐንዲሱን የፖርሸን ብልሃት፣ በግዳጅ ሠራተኞች ተፈጸመ የሚሉትን አሻጥርና የቦምብ ድብደባውን ያነሳሉ።

ጽሑፉ ግማሽ እውነት አለበት፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማስተባበል ከሁሉም ይከብዳል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ብዙውን ጊዜ የተሰበረው የተራቀቀው ክፍል ሳይሆን ለጥድፊያና ለቁጠባ ሲባል የተቃለለው ነው፤ ያም ሆኖ ያልታሰበለትን ክብደት እንዲሸከም ተፈርዶበት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የታይገር ካምቢዮ

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ስምንት ወደፊት፣ አራት ወደኋላ የሚሄድ ማርሽ ለታንክ ቅንጦት ነው ይላሉ። ኦልቫር የተባለው ይህ ካምቢዮ የማይባህ ሥራ ነበር። ሾፌሩ በትንሽ ማንሻ የሚፈልገውን ማርሽ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ማስገባቱንና ማስወጣቱን በዘይት ግፊት የሚሠራው መሣሪያ ራሱ ይጨርሰዋል። መሪውም እንደ መኪና ክብ መሪ ነው። 57 ቶን ብረት የሚያሽከረክር ሰው ክንዱ ሳይዝል ይውላል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቲ-34ዎች ላይ ግን ባለ አራት ማርሹ ካምቢዮ እጅግ ከባድ ስለነበር፣ አንዳንዴ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው የሬዲዮ ሠራተኛ ማንሻውን አብሮት ይጎትት እንደነበር በታንኮቹ የተዋጉ ሰዎች አውርተዋል።

ይህ ዓይነቱ አሠራር የጀርመኖች የብቻ ሕልምም አልነበረም። ከ1941 ጀምሮ ያገለገለው የእንግሊዞች ቸርችል ታንክ ሜሪት-ብራውን የሚባል፣ ካምቢዮውንና መሪውን ያዋሐደ መሣሪያ ነበረው። እንግሊዞች በኤፕሪል 1943 ቱኒዚያ ላይ የማረኩትን ታይገር ሲመረምሩ ያገኙት የመሪ አሠራር ከራሳቸው ቤተሰብ የሆነ ነገር ነው። ያ ታይገር ዛሬም እንግሊዝ አገር ቦቪንግተን በሚገኘው የታንክ ሙዚየም በሞተር ይንቀሳቀሳል። የጸሐፊው ክርክር ትክክል ቢሆን ቸርችልም በመራቀቁ ሊወቀስ ነው፤ እሱን ግን አላነሱትም።

ጸሐፊው በትክክል ሊወቅሱት የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። ከታይገር ላይ ካምቢዮ ለማውጣት 11 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የመድፍ ማማ በክሬን ማንሳት ግድ ነው። ጭቃ ሜዳ ላይ ተገጣጥሞ የሚቆም ክሬን ይመጣል፣ ማማው ተነስቶ በአንድ በኩል ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው መካኒኩ ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው። ጠላት እየገፋ በሚመጣበት ቀን ይህ ታንኩን በገዛ እጅ አቃጥሎ ከመሄድ የሚያደርስ ነው። ጥፋቱ ግን የካምቢዮው ሳይሆን የቦታው ነው፤ ዕቃው መበላሸቱ የማይቀር መሆኑን ረስቶ ከፊት የቀበረው የታንኩ አቀማመጥ ነው።

ደግሞ ለክርክራቸው ከሁሉ የሚጠቅመውን ማስረጃ ጭራሽ አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል። ከታይገር በፊት የነበረው ፓንዘር 3 ታንክ ከኢ እስከ ጂ ባሉት ሞዴሎቹ ቫሪዮሬክስ የተባለ፣ አሥር ወደፊት የሚሄዱ ማርሾች ያሉት፣ በአየር መሳብ ኃይል የሚቀይር ካምቢዮ ነበረው። ይህ በእርግጥ የተራቀቀም ያስቸገረም ነበር። ታዲያ ጀርመኖች ምን አደረጉ? ከኤች ሞዴል ጀምሮ አወጡትና ተራ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ተኩበት። ከስሕተታቸው አይማሩም የተባሉት መሐንዲሶች በ1940 ተምረው ጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የጀርመንን ጦር አብዛኛውን ሸክም የተሸከሙት ፓንዘር 4 ታንክና ማማ የሌለው ሽቱርምገሹትስ 3 የሄዱት በዚሁ ተራ ባለ ስድስት ማርሽና 300 የፈረስ ጉልበት ባለው ማይባህ ኤችኤል 120 ሞተር ነው። ስለ እነዚህ ማንም ፊልም አይሠራም፤ ጸሐፊውም አንድ መስመር አልሰጧቸውም።

ፓንተር ምኑ ነው የተሰበረው?

ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድበት። ጽሑፉ የፓንተር ባለ ሰባት ማርሽ ካምቢዮ ታንኩን እንደጣለው ያስነብባል። ካምቢዮው የማርሽ ሠሪው የዜድኤፍ ኩባንያ ሥራ ነው፤ እንከን የለሽ ነበር አልልም። ነገር ግን ፓንተርን መንገድ ላይ ያስቀረው በዋነኛነት ከካምቢዮውና ከመሪው ቀጥሎ፣ በግራና በቀኝ ሰንሰለቱን ከሚጎትተው ጥርሳም ጎማ በፊት ያለው የመጨረሻው የፍጥነት መቀነሻ ነው። በዶዘር ላይ የሠራ መካኒክ ፋይናል ድራይቭ ብሎ ያውቀዋል።

አሠራሩን ላስረዳ። ሞተሩ ከኋላ ነው። ኃይሉ ከማማው ወለል በታች በሚያልፍ ዘንግ ወደ ፊት ይመጣል፤ በሾፌሩና በሬዲዮ ሠራተኛው መካከል ያለው ካምቢዮ ይቀበለዋል፤ ከዚያ መሪው ለሁለት ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ይጨምራል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለው ጥርስ ከሁሉ የከበደውን ጫና ይቀበላል። ታንኩ ቆሞ ሲነሳ፣ ዳገት ሲወጣ፣ ጭቃ ውስጥ ሲዞር ጠቅላላ ክብደቱ የሚያርፈው እነዚያ ጥቂት ጥርሶች ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዕቅድ እዚህ ቦታ ላይ ሊገባ የታሰበው ጥርሱ ወደ ውስጥ በተቀረጸ ቀለበት ውስጥ ትናንሽ ጥርሳም ጎማዎች የሚሽከረከሩበት፣ ጫናውን ለብዙ ጥርስ የሚያከፋፍል ዓይነት ነበር። ታይገር ይህን ዓይነት ነበረው፤ በዚህ ረገድም ከፓንተር የተሻለ ስም አለው። ለፓንተር ግን እንዲህ ያለ ጥርስ የሚቀርጹ ማሽኖች እጥረት ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ታንክ ደግሞ በአስቸኳይ ተፈልጓል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ጥርስ ያላቸው ተራ ማርሾች ገቡ። አሜሪካኖች በሸርማን ታንካቸው ላይ የዓሣ አጥንት ቅርጽ ያለው፣ ጫናን የሚችል ጥርስ ሲጠቀሙ፣ የተራቀቁ የተባሉት ጀርመኖች ቀላሉንና ርካሹን መረጡ። ጸሐፊው ደካማ የሚሉት ቦታ ላይ የተቀመጠው ዕቃ እሳቸው በወደዱት መንገድ የተቃለለው ነው።

በዚህ ላይ ክብደቱ ተጨመረ። ፓንተር ሲታሰብ በ30 ቶን ክልል ነበር። ሂትለር የፊት ብረቱ ከ60 ወደ 80 ሚሊሜትር ይወፍር አለ፤ ሌላም ሌላም ታከለ፤ ታንኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 45 ቶን ደረሰ። ማማና ብረት ሲጨመር ከፋይናል ድራይቩ ሣጥን ስፋት ላይ የተጨመረ ብዙ ነገር የለም።

ውጤቱን ፈረንሳዮች ጽፈውታል። ከጦርነቱ በኋላ 50 ገደማ ፓንተሮችን በራሳቸው ጦር፣ ሙርመሎን በሰፈረው 503ኛው የታንክ ሬጅመንት አሠርተዋቸዋል። የጦር ሚኒስቴራቸው በ1947 ባወጣው ሪፖርት የፋይናል ድራይቩ አማካይ ዕድሜ 150 ኪሎሜትር ብቻ ነው ይላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ገና ሻሸመኔ አይደርስም። ኖርማንዲ ላይ ተጥለው ከተገኙት ፓንተሮች ግማሽ ያህሉም በዚሁ ክፍል የተሰበሩ እንደነበሩ ይኸው ሪፖርት ያስረዳል። ፈረንሳዮቹ ያገኟቸው ያገለገሉ ታንኮች ስለነበሩ 150ን ለእያንዳንዱ ፓንተር እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም። ያም ሆኖ የሞተሩን ዕድሜ በአማካይ 1000 ኪሎሜትር ያደረገው ሪፖርት ለዚህ ክፍል 150 ማለቱ ደካማው ጎን የት እንደነበር ያሳያል።

ማይባህና ቤንዚኑ

ጸሐፊው የማይባህን ሞተር «ከአውሮፕላን ተወስዶ ታንክ ውስጥ የተጠቀጠቀ» ያደርጉታል። አይደለም። ማይባህ በ1909 የተቋቋመው ለዜፕሊን የአየር መርከቦች ሞተር ለመሥራት ነው፤ ዜድኤፍም በ1915 ለእነዚያው መርከቦች ጥርሳም ማርሽ ለመሥራት ተመሠረተ። ሁለቱም ከኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ካለችው ፍሪድሪሽስሃፈን ናቸው። የፓንተርና የኋለኞቹ ታይገሮች ሞተር የሆነው ኤችኤል 230 ግን ከመጀመሪያው ለታንክ የተነደፈ ነው። ከአውሮፕላን የመጣ የታንክ ሞተር የሚፈልግ ሰው የእንግሊዞችን ሚቲየር ይመልከት፤ እሱ የሮልስ ሮይስ መርሊን ልጅ ነው፤ ክሮምዌል የተባለውን ታንካቸውን ፈጣን ያደረገውም እሱ ነው።

በኤችኤል 230 ላይ የደረሰውም ከላይ እንዳየነው ነው። የመጀመሪያዎቹ 250 ታይገሮች 21 ሊትር የሆነው ኤችኤል 210 ነበራቸው፤ ገላው ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ 650 የፈረስ ጉልበት ያለው። ተጨማሪ ኃይል ሲፈለግ የሲሊንደሮቹ ስፋት ከ125 ወደ 130 ሚሊሜትር ከፍ ተደረገና ሞተሩ 23 ሊትር፣ 700 የፈረስ ጉልበት ሆነ። አሉሚኒየሙም በብረት ተተካ። ቦታው ግን ያው ስለሆነ በሲሊንደርና በሲሊንደር መካከል የቀረው ግድግዳ ሳሳ። የሲሊንደሮቹን ክዳን የሚያሽገው የቴስታታ ጋስኬት ተቃጠለ፤ ውሃ ወደ ሲሊንደር ገባ፤ በከፍተኛ ዙር ሲነዳ ደግሞ የፒስተን ዘንግ መያዣው፣ የቢዬላ ብሮንዝ፣ ተበላ። መካኒክ አንባቢዎች ይህን ሰንሰለት ሳልነግራቸውም ይጨርሱታል። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ሞተሩ በደቂቃ ከ3000 ወደ 2500 ዙር እንዲገደብ ተደረገ፤ ኃይሉም ወደ 600 ወረደ። በወረቀት ላይ 700 እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር ሜዳ ላይ ብዙም አልታየም። ይኸው ሞተር በኋላ 70 ቶን ገደማ የሆነውን ንጉሥ ታይገር እንዲጎትት ተደረገ፤ ለአንድ ቶን አሥር የፈረስ ጉልበት እንኳ አልደረሰውም ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፓንተሮች እሳትም ከዚህ ጋር ይነሳል። ጸሐፊው ቤንዚን ስለሆነ ተቃጠለ ብለው ዘግተውታል። ታንኩ በውሃ ውስጥ እንዲሻገር ታስቦ የሞተር ክፍሉ ታሸገ፤ አየር በደንብ አይዘዋወርበትም። ከነዳጅ መስመሩና ከካርቡራቶሮቹ የሚንጠባጠበው ቤንዚን ወለሉ ላይ ተጠራቅሞ ሲተን የሞተሩ ግለት ይጠብቀዋል። ያው ቤንዚን በፓንዘር 4 ውስጥ ለዓመታት እንዲህ አላደረገም።

ናፍጣን በተመለከተ የጽሑፉ ክርክር፣ ጀርመኖች ሞኝነት አድርገዋል፣ የቲ-34 ናፍጣ ግን አይቃጠልም የሚል ነው። የቲ-34 ነዳጅ ጋኖች ከሠራተኞቹ ጎን፣ በውጊያው ክፍል ግድግዳ ላይ ነበሩ። ግማሽ የተሞላ ጋን ውስጥ ያለው የናፍጣ ትነት ሲመታ ይፈነዳል፤ ታንኩም ይቃጠላል። በሌላ በኩል ከሸርማን ሞዴሎች አብዛኞቹና ክሮምዌል በቤንዚን ነበር የሚሄዱት፤ ማንም ሞኝ አላላቸውም። ለጀርመን ምርጫውን የወሰነው ደግሞ ነዳጁ የሚገኝበት መንገድ ነው። ከድንጋይ ከሰል ሰው ሠራሽ ነዳጅ የሚያወጡት እንደ ሎይና ያሉ ፋብሪካዎች በብዛት የሚሰጡት ቤንዚን ነበር። የባሕር ኃይሉ ሰርጓጅ መርከቦች ናፍጣ ይፈልጋሉ፤ ማይባህ በእጁ የነበረው የተፈተነ የታንክ ሞተር ደግሞ የቤንዚን ነው። ናፍጣ አልሞከሩም ማለትም ስሕተት ነው፤ ዳይምለር-ቤንዝ ለፓንተር ውድድር ያቀረበው ንድፍ ናፍጣ ነበር፣ በ1942 ኤምኤኤን ለተባለው ኩባንያ ንድፍ ተሸነፈ። ስምንት ጎማ ያለው የቅኝት ብረት ለበስ ሽፔቫገን 234 በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ 12 ሲሊንደር ታትራ ናፍጣ ሞተር ይዞ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ሠርቷል።

ኩርስክ

ጽሑፉ፣ 200 ፓንተሮች በጁላይ 1943 ወደ ውጊያ ገብተው በራሳቸው ጊዜ ተበላሽተው አለቁ ይላል። ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው። የታንክ ጦሩ ዋና ኢንስፔክተር የነበረው ጉደሪያን ባቀረበው ሪፖርት መሠረት፣ በጁላይ 10 ምሽት ግንባር ላይ መንቀሳቀስ የቻሉት አሥር ብቻ ነበሩ። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የቀሩት ግን እንዲህ ናቸው፦ 25 ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል፤ ከነሱ 23ቱ በጠላት ተመትተው የተቃጠሉ፣ ሁለቱ ወደ ግንባር ሲጓዙ በእሳት የጠፉ። 100 ጥገና የሚጠብቁ፤ ከነሱ 56ቱ በጥይትና በፈንጂ የተጎዱ፣ 44ቱ በሜካኒካል ብልሽት የቆሙ። ከብልሽቶቹም 60 በመቶው በቀላሉ የሚጠገን ነው ተብሏል። 40 ያህሉ ተጠግነው ወደ ግንባር በመመለስ ላይ ነበሩ፤ 25 ያህሉ ገና ከሜዳ አልተነሱም። ብልሽቱ እውነት ነው፤ ያሳፍራልም። ነገር ግን ከጥገና ወረፋው የበዛው በሩሲያ ፈንጂና መድፍ የመጣ ነው። የተከላካዮቹን ሥራ ለጀርመን ብሎን መስጠት ለጀርመኖችም ለሩሲያውያንም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቲ-34 አይበላሽም?

አሜሪካኖች ከሶቪየት የተላከላቸውን ቲ-34 አበርዲን በተባለው የመሞከሪያ ቦታቸው ፈትነውታል። ከ343 ኪሎሜትር በኋላ ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ምክንያቱ የአየር ማጣሪያው አቧራን ሊያስቀር አለመቻሉ ነው። ካምቢዮውንም አላደነቁለትም። በ1941 የተነሱ ፎቶዎች ላይ ቲ-34ዎች ትርፍ ካምቢዮ ከኋላቸው አስረው ሲጓዙ ይታያል፤ ሠራተኞቻቸው ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። ሶቪየቶች በ1943 ባለ አምስት ማርሹን ካምቢዮና የተሻለ ማጣሪያ አስገቡ። ያሻሻሉትም ማርሽ በመጨመር እንጂ በመቀነስ አይደለም፤ ይህንን ጸሐፊው እንዴት እንደሚያስታርቁት አላውቅም። የቲ-34 ጥቅም ብዛቱና ፋብሪካዎቹ የጠፋውን በፍጥነት መተካታቸው ነው፤ ጀርመኖች ግን አዲስ ታንክ ቁጥር ለማሳየት ሲሉ የመለዋወጫ ምርትን ችላ ይሉት ነበር። በዚህ ላይ ቢጽፉ አብሬያቸው እቆም ነበር።

የቀሩት

ስለ ፖርሸ ብዙ አልልም። ጸሐፊው ጊዜውን የቀደመ ሊቅ ተገፋ ብለው ያዝናሉ። የፖርሸ ታይገር ሁለት የቤንዚን ሞተር፣ ከነሱ ጄኔሬተር፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበረው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መዳብ አገሪቱ የተቸገረችበት ነበር፣ ሞተሮቹም በፈተና ወደቁ። 90 ያህሉ ገላዎች በማይባህ ኤችኤል 120 ሞተሮች ተገጥመው ፈርዲናንድ የተባለው ታንክ አጥፊ ሆኑ። መራቀቅ ታንክ ይገድላል የሚል ሰው ለዚህ ንድፍ ማልቀሱ ግን ያስቃል።

ብልሽቱ በግዳጅ ሠራተኞች አሻጥር ነው የሚለውን አልቀበልም። ማይባህም የታይገር ሠሪው ሄንሸልም ከተያዙ አገሮች የተጋዙ ሰዎችን በግድ ያሠሩ ነበር፤ አሻጥር መኖሩም አያጠራጥርም፤ ያደረጉትም ሕይወታቸውን አስይዘው ነው። ነገር ግን ፓንተር በኑረንበርግ በኤምኤኤን፣ በበርሊን በዳይምለር-ቤንዝ፣ በሃኖቨር በኤምኤንኤች ተሠርቷል፤ የትም ይሠራ ፋይናል ድራይቩ ደካማ ነበር። ይህ የንድፍ ችግር ነው። መሐንዲስና ሹም የወሰነውን በባሪያነት በተያዘ ሰው ማላከክ ደግሞ ነውር ነው።

ስለ ቦምብ ድብደባው፣ የታንክ ምርት በ1944 ስለጨመረ ድብደባው ዋጋ አልነበረውም ብለዋል። ፓንተር በዚያ ዓመት አጋማሽ በወር ከ300 በላይ ይወጣ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን በኤፕሪል 27 ሌሊት 1944 የእንግሊዝ አየር ኃይል ፍሪድሪሽስሃፈንን መታ፤ የማይባህና የዜድኤፍ ፋብሪካዎች ክፉኛ ተጎዱ፤ ሞተሩም ካምቢዮውም ያለው እዚያችው ከተማ ነበርና። የጀርመን ኃላፊዎች ከጦርነቱ በኋላ ለመርማሪዎች ሲናገሩ የታንክ ምርትን ከሁሉ የጎዳው ይህ ሌሊት እንደሆነ ገልጸዋል። ምርቱ የቀጠለው ኬምኒትስ ውስጥ ያለው የአውቶ ዩኒየን ፋብሪካ ኤችኤል 230ን እንዲሠራ ስለተደረገ ጭምር ነው፤ በሴፕቴምበር እሱም ተመታ።

ጸሐፊው የሚደመድሙት አሸናፊዎቹ የጀርመንን የታንክ ሞተር ወዲያው ወደ ቁርጥራጭ ብረት እንደለወጡት በመግለጽ ነው። ይህም ልክ አይደለም፤ ፈረንሳይ የኩባንያውን መሪ ካርል ማይባህንና ባልደረቦቹን ቬርኖን ወደምትባል ከተማዋ ወስዳ አሠርታቸዋለች። ከጦርነቱ በኋላ ራሷ የሠራችው የመጀመሪያው ከባድ ታንክ ኤአርኤል 44 ሞተሩ ማይባህ ኤችኤል 230 ነበር፤ ስድሳዎቹ ታንኮች የተሰጡትም ፓንተሮቹን በሚገባ ለሚያውቀው፣ እነሱኑ እንዲተካባቸው ለተፈለገው ለዚያው 503ኛ ሬጅመንት ነው።